የአባታችን መጋዝ

“እማዬ ቤት ትዋል። ስታወራ ትጮኻለች፤ በሰው ፊት ታዋርደናለች።”

ይህን ያለው ወንድሜ ነው። የወጥ ቤታቸው መስኮት እኔ ጥርሴን የምቦርሽበት የግቢ ቧንቧ ላይ ስለሚከፈት፣ ጠዋት ጠዋት ፈልጌም ሳልፈልግም የማልሰማው ነገር የለም። ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እማማ ቅር ቢላቸውስ?” አለችው። እሱ ደግሞ “መቼ ሰምታ ነው ቅር የሚላት” ብሎ ሳቀ። አረፋውን ተፍቼ ቧንቧውን ዘጋሁት። እናቴ የምትጮኸው ስለማትሰማ ነው። የማትሰማው ደግሞ የሞተር መጋዝ ስንትና ስንት ዘመን ጆሮዋ ሥር ሲያጓራ ስለኖረ ነው። ያው መጋዝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሜ በሚያስመርቀው የቤት ዕቃ መሸጫ አዳራሽ፣ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በክብር ይሰቀላል። ጆሮዋን የበላው ተጋብዟል፤ እሷ አልተጋበዘችም። ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ።

እማዬ ተነስታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ ትራሱ ላይ ዘርግታዋለች፤ ጥቁር ጫማዋን ወልውላ ጎን ለጎን አቁማዋለች። “ዛሬ አይደል?” አለችኝ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነው፤ ድምጿ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ራሴን ነቀነቅኩላት። ሻይ ቀድቼ ዳቦ ቆረስኩላት። ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ አቅፋ ያዘችው፤ ጠዋት ጠዋት የጣቶቿ ጫፍ ኖራ የነካ ይመስል ነጭ ይሆናል፣ ደምም ስሜትም አይደርሰውም። ይህም የመጋዙ ሥራ ነው። ጣቷን መርፌ ቢወጋት አታውቅም፤ የሻዩን ሙቀት የምትለካው ጉንጯ ላይ አስጠግታ ነው። እንደማትሄድ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያንን ለመንገር መጮኽ እንዳለብኝ፣ ስጮኽ ደግሞ ግቢው በሙሉ እንደሚሰማ አሰብኩና ተውኩት።

በእኛ ቤት ለእማዬ የሚነገር ነገር ሁሉ አጭር ነው። ወንድሜ ራት ላይ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ተቀናቃኞቹ ምላሱ እስኪደርቅ ይተርካል። እሷ “ምን አለ?” ትላለች። ከመካከላችን አንዱ “ሥራ ጥሩ ነው አለ!” ብሎ ይጮኽላታል። “እሰይ” ትልና ወደ ሳህኗ ትመለሳለች። ዓለም ለእሷ የሚደርሳት እንደዚህ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ ልጡ ተልጦ፣ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ነው። እሷም አንድ ቀን “ይህን ሁሉ ጊዜ ያወራው ይህንን ብቻ ነው?” ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሻይዋን ስትጨርስ ፍርፋሪውን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የእኔ ሥራ ከመኝታችን ቀጥሎ ባለው፣ ድሮ ልብስ ማጠቢያ በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። አሮጌ የሞተር መጋዝ እጠግናለሁ። ፋብሪካው የተዘጋ፣ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ፣ ስሙ የተፋቀ፣ ባለቤቱ ራሱ ምን እንደሆነ የማያውቀው መጋዝ ወደ እኔ ይመጣል። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ፈታትቼ፣ የየት ዘመን ሥሪት እንደሆነ ለይቼ ነፍስ እዘራበታለሁ። ሰፈሩ ‘ቤንዚን’ ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ስለምሸት ነበር፤ አሁን ስለ ጠባይሽ ነው ይሉኛል። ቤንዚን ብቻውን ማንንም አቃጥሎ አያውቅም፣ ጥፋተኛው ክብሪት የጫረው ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም።

ወንድሜ የቤተሰባችንን መጋዝ እንድፈልግለት የመጣው ዝናቡ ሳይገባ ነው። አንድ የማስታወቂያ ሰው፣ ድርጅት ታሪክ ከሌለው ሥር እንደሌለው ዛፍ ነው ስላለው፣ ታሪክ ፍለጋ ወደ ጓሮ ዘለቀ። ያ የድሮው መጋዝ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ሸጥከው አልኩት። የድሮውን ቤት ስንለቅ ከተሰበረ አልጋና ከእማዬ የሥራ ቦት ጫማ ጋር አንድ ላይ ለቆራሌ የሸጠው ራሱ ነው፤ ያን ቀን እማዬ ሁለት እጇን አጣምራ ቆማ ታይ ነበር። “ታዲያ ፈልጊልኛ፣ ሥራሽ አይደል” ብሎኝ ሄደ። ለእሱ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ፈለግሁት። ቆራሌዎቹ ብረት የሚያከማቹበትን ግቢ ሁሉ አዳረስኩ፤ ውሻ አሯሯጠኝ፣ ሚስማር ወጋኝ፣ በመጨረሻ ከዝገት ክምር ሥር የአንድ ፋብሪካ ልጆች የሆኑ ሦስት መጋዞች አገኘሁ።

የሦስቱም፣ ስማቸው የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሳህን ወልቋል። ሆኖም ቀዳዳው ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳህናቸው በአራት ብሎን ነበር የሚታሰረው፣ የኋለኞቹ በሁለት። የእኛው ከመጀመሪያዎቹ ስለነበር ባለ ሁለት ቀዳዳውን ወዲያው ወደ ጎን ተውኩት። ከቀሩት አንዱን በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረግሁት። ላዩ ቀይ ነው፤ ኋላ የገዛው ሰው የቀባው ይሆናል። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ ወጣ። የድሮው ቤታችን በር አረንጓዴ! እማዬ በሩን ቀብታ ስትጨርስ፣ ቆርቆሮው ግርጌ የተረፈውን ቀለም ዝገት እንዳይበላው ብላ መጋዙ ላይ የጨረሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከዚያ የፊት መያዣውን አየሁ። በብስክሌት ካላማዳሪያ፣ በውስጠኛው ጎማ፣ ተጠምጥሟል። መጋዝ ሲሠራ እጅን እስከ ክርን ያርገፈግፋል፤ እማዬ ያንን ታበርድልኛለች ብላ የጠመጠመቻት ጎማ ናት። ጎማዋ ላይ የአራት ጣት ጎድጓዳ አለ፣ ቀጫጭንና የተቀራረበ። የአባቴ እጅ አካፋ ያህል ነበር። ቆራሌው ግቢ መሀል ቁጭ ብዬ ጣቶቼን በጎድጓዳዎቹ ከተትኳቸው፤ ልክክ አሉ። ቆራሌው ፊቴን አየና ዋጋውን ጨመረብኝ።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ለሐቅ ስል እንጂ በርዶልኝ አይደለም። መጋዙን የገዛው እሱ ነበር። በገዛው ሰሞን ግንድ ላይ ነጥሮ ትከሻውን ቀደደው፤ ቁስሉ ዳነ፣ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚያፈላልገውና የሚነጋገረው አባቴ፣ ጣሪያ ላይ የተጋደመውን ዛፍ የምትቆርጠው እናቴ ሆነች። ታዲያ ለሴት ማን ዛፉን ይሰጣል? ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ወንድሜ በሩ ላይ ይቆማል። የግቢው ባለቤት ብቅ ሲል፣ በመጋዝ ጩኸት መሀል ጥሪ አይሰማምና፣ መዳፉን ዘርግቶ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል። እማዬ ያቺን እጅ ስታይ መጋዙን ሞተሩ እንደ ተነሳ በግራዋ ለቆመው አባቴ ታቀብለዋለች፤ እሷ ጎንበስ ብላ ቅርንጫፍ መሰብሰብ ትጀምራለች። አባቴ የሰው ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ክንዱን አድርቆ ይዞት ይቆማል። ባለቤቱ “በርታ” ብሎት ሲመለስ የወንድሜ እጅ ይወርዳል፣ መጋዙም ወደ እማዬ ይመለሳል። እንዲህ ኖርን። የበላነው ዳቦ፣ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያ አረንጓዴ በር፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚሰቅለው ያ ልጅ ነው።

መጋዙን ሠርቼ የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፣ የማስነሻውን ገመድ አዲስ አደረግሁ፣ ከቀዩ ቀለም በቀር የፋቅሁት የለም። የእኔ ደንብ አንድ ነው፤ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ የዛገውን አጸዳለሁ፣ እጅ የበላውን ግን አልሞላም። ግቢ አውጥቼ ገመዱን ሳብኩት፤ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ተነሳ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥር ነበር። ምንም እንደማትሰማ አውቃለሁ። ማበጠሪያዋን አቆመች። መዳፏን አግዳሚው ላይ ጫነች፤ ጣቶቿ አይሰማቸውም፣ ክርኗ ግን ሰምቷል። ዞር ሳትል፣ “ቤንዚን በዝቶበታል፣ ቀንሺለት” አለችኝ። ካርቡራተሩን በካቻቢቴ ትንሽ አጠበቅሁት፤ ድምፁ ጠራ። “አሁን ነው” ብላ ማበጠሯን ቀጠለች። መጋዙ የት እንደ ከረመ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንደ ተሠራ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ረፋዱ ላይ ወንድሜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ዘይት እንዳይነካው ሱሪውን ሰብስቦ ወደ መሥሪያ ክፍሌ ገባ። የአዳራሹ አናጢ ከኋላው ተከትሎት በር ላይ ቆመ። ወንድሜ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አዙሮ አዙሮ አየውና፣ አረንጓዴው ያምራል፣ ይህን ቀለም ከየት አመጣሽው አለኝ። ከበራችን አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ መያዣው ላይ አረፈ።

“ይሄን ቀፋፊ ጎማ አንሺው አላልኩሽም?”

አላነሳውም አልኩት። ሰው ዓይኑ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ፎቶ ላይ ቁስል ይመስላል፣ የድሃ ቤት ጥገና ነው አለኝ። የድሃ ቤት ጥገና እኮ ነው፣ እማዬ የያዘችበት ነው ብለህ ንገራቸው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። የማትሰማ ሴት የምትሰማው ይመስል ወደ መኝታ ክፍላችን በር አየ፤ አናጢውንም ውጭ ጠብቀኝ ብሎ አስወጣው።

“ማይክሮፎን ላይ ወጥቼ እናቴ ግንድ ቆራጭ ነበረች ልበል?”

“አዎ።”

“አባባንስ ምን ልበለው? ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው? እባክሽ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።”

“ሙት አትውቀስ ወንድም ጋሼ። በቁሟ ያለችውን ግን አትቅበራት።”

ወንድሜ መልስ ሲያጣ እጁ ነው የሚሠራው። ከጠረጴዛዬ ላይ ቢላዬን አንስቶ ጎማዋን ከላይ እስከ ታች ተረተራት፤ የሚያርደው ነገር ያለው ይመስል ጥርሱን ነክሶ ነበር። ከመያዣው ላይ ገሽልጦ ዘይት የጠጣ ጨርቅ የምጥልበት ባልዲ ውስጥ ወረወራት። እኔ ሰው ተማትቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን መዶሻው በየትኛው እጄ በኩል እንዳለ አውቅ ነበር። ሰንሰለቱም አያበራም፣ አናጢው አውልቆ ይወለውለዋል አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ደክሞሻል፣ ማታ ከእማዬ ጋር የሚበላ ነገር አስልክላችኋለሁ አለኝ። መጋዙን ልብሱን እንዳይነካው ከሰውነቱ አርቆ፣ ክንዱን አድርቆ ይዞት ወጣ። አባቴን ከኋላው ያየሁት መሰለኝ። ከሄደ በኋላ ጎማዋን ከባልዲው አውጥቼ በሳሙና አጠብኳትና በቦርሳዬ ከተትኳት።

ከምሳ በኋላ አዳራሹን ላየው ሄድኩ። ከመንገዱ ጀምሮ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ውስጡ አዲስ ቀለምና አዲስ ቆዳ ይሸታል። ሶፋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ እንደ መርከብ የሚሰፋው የምግብ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ትንንሽ የዋጋ ካርድ አንጠልጥሏል። የአንዱን አልጋ ካርድ ሳነብ እግሬን ከምንጣፉ ላይ አነሳሁ፤ መርገጡም የሚያስከፍል መሰለኝ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፊደል “አባታችን በዚህ መጋዝ፣ በእነዚያ ብርቱ እጆቹ መሠረታችንን ጣለ” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር ወንድሜ ኮቱን አውልቆ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ የተወለወለውን ሰንሰለት ራሱ እየሰካ ፎቶ ይነሳል። ፎቶ አንሺው ትንሽ ቀና በል፣ ወዲህ ዙር ይለዋል። አናጢው ሊረዳው እጁን ሲዘረጋ፣ ተወው፣ የአባቴ መጋዝ አይደል እንዴ ብሎ መለሰው።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅሙን ብረት እኛ ቤት ምላስ ነው የምንለው። በምላሱ በላይኛው በኩል ያሉት ጥርሶች ወደ ጫፉ፣ ወደ ፊት ማየት አለባቸው፤ እንጨት የሚበሉት እንደዚያ ሲሆን ነው። ወንድሜ ገልብጦ ሰካው። ጥርሶቹ በሙሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ያዡ ሆድ ያያሉ። እንዲህ ሆኖ መጋዙ ቢነሳ ግንዱን ሲልሰው ይውላል እንጂ አይቆርጠውም። አንድ ቀን መጋዝ ይዞ የዋለ ሰው የማይሳሳተው ስህተት ነው። አናጢው አየ፤ እኔን አየኝ። ልናገር ነበር። ከዚያ ያ ባልዲ ውስጥ የተወረወረው ጎማ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። መጋዙን አንስተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ ወንድሜ እጁን በመሐረብ ጠረገ። እኔም በቀጥታ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እማዬ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው መሆኗን ከቀሚሱ መጨማደድ አወቅሁ። “መኪናው ቀረ እንዴ?” አለችኝ። መኪና እንደሚልኩላት የነገራት ሰው የለም፤ እሷው ለልጇ የሰጠችው ክብር ነው። ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። ታክሲ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን በሙሉ ዛፎቹን ስታይ ሄደች፤ አንዱን የዘመመ ዛፍ አይታ፣ “ይሄ በግራ በኩል ነው መጣል ያለበት” ብላ ለተሳፋሪው ሁሉ አሰማች። ሰው ዞር እያለ አየን። ይየን አልኩ በሆዴ።

አዳራሹ ሞልቷል። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ እንግዳ ስትቀበል አየችንና ፊቷ ነጣ። ግን ክፉ አይደለችም፤ እማዬን ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያ እኔን በዓይኗ ለመነችኝና ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ረድፍ ሁለት ወንበር አሳየችን። “እማማ እዚህ ጋ አየር ያገኛሉ” አለች። ተቀመጥን። በእማዬ ግራ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ወንድሜ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሟል፤ ንግግሩን ጀምሮ ስለነበር አላየንም። ስለ ጥራት ተናገረ፣ ስለ ላብ ተናገረ፣ ስለ አባታችን ተናገረ፣ ሰው አጨበጨበ። እማዬ ሲያጨበጭቡ አይታ አጨበጨበች። ከቦርሳዬ ጎማዋን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። በጣቶቿ ዳሰሰቻት፣ ጣቶቿ ግን ምንም አልነገሯት። ወደ ጉንጯ አስጠጋቻት፤ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ። አወቀቻት። ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መጋዝ አየች። ዓይኗ እንደሆነ የጭልፊት ነው።

“ምን አለ?” አለችኝ።

ፊት ያሉት ዞሩ። ወንድሜ አየን፤ ቃሉ ለአፍታ ተደናቅፎ ቀጠለ። የቤታችንን ልማድ አውቀዋለሁ፤ ‘እንኳን ደህና መጣችሁ አለ’ ብዬ መጮኽ ነበረብኝ። ወንድሜም ያንኑ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ግን ዛሬ ቅርንጫፍ የምመለምልበት ጉልበት አልነበረኝም። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አልኩና እሱ የተናገረውን፣ አንድ ቃል ሳልጨምር አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ጮኽኩላት።

“አባታችን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ይህን መጋዝ በብርቱ እጆቹ ይዞ፣ ዛፍ ሲቆርጥ ውሎ አሳደገን አለ! እናታችን ደግሞ ቤት ሆና ትጠብቀው ነበር አለ!”

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ። እማዬ እንደሚከፋት፣ እንደምትቆጣ፣ ምናልባትም ተነስታ እንደምትወጣ ጠብቄ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንዱንም አላደረገችም። ፈገግ አለች። ፊቷን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ አፏን በመዳፏ ጋርዳ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ልታንሾካሹክልኝ ጀመረች። ያንሾካሾከች መስሏት ነው። እሷ ማንሾካሾክ ምን እንደሚመስል ከረሳች ስንት ዘመኗ ነው፤ ድምጿ ያለ ማይክሮፎን እስከ መጨረሻው ግድግዳ ደረሰ።

“ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል። አባትሽ መጋዙን ይፈራው እንደነበር ማንም እንዳያውቅ። ወንድምሽ ይክበርበት፣ እኔ ምን ጎደለብኝ። ብቻ ማታ ቀስ ብለሽ ሰንሰለቱን አዙሪለት፤ ገልብጦ ነው የሰካው። ልክ እንደ አባቱ። እሱም አንድ ቀን አስተካክሎ ሰክቶት አያውቅም፣ እኔ ነበርኩ የማዞርለት።”

የአዳራሹ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ግድግዳውን አየ። አብዛኛው የሰንሰለት ፊትና ጀርባ የሚያውቅ አይደለም፤ አናጢው ግን ያውቃል፣ እሱም ራሱን አቀረቀረ። ከመሀል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን በእጇ ጋረደች። ወንድሜ ከንፈሩ ተከፍቶ ቀረ፤ ወርቃማው ጽሑፍ ከራሱ በላይ ያበራል። እማዬ ምሥጢሯን ተናግራ ስለጨረሰች ተደላድላ ተቀመጠችና፣ ንግግሩን በከንፈሩ ልትከተል ወደ ልጇ አየች። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም።

“ለምን ዝም አለ?” አለችኝ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ቀኝ እጁን አነሳ። ይበቃል ሊላት ይሁን፣ ዝም እንድትል ሊለምናት ይሁን አላውቅም። መዳፉን ዘርግቶ ከራሱ በላይ ሰቀለው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ግን ያው የበሩ ልጅ ነበር። እጁን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። እማዬ አየችው። ወገቧ ቀና አለ። ምንም ሳታስብ፣ ሰውነቷ ብቻውን፣ ያቺን የተተረተረች ጎማ በሁለት እጇ ከጭኗ አንስታ በግራዋ ወዳለው ባዶ ወንበር ዘረጋቻት፤ የሚቀበላት ሰው እስኪመጣም ይዛ ጠበቀች።

“ማን መጣ?” አለች።

“ማንም አልመጣም!” አልኳት፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። “ማንም አልመጣም እማዬ፣ ያዢያት!”

ያዘቻት።